ዳለቻው ከቡሬው ወለደ

ወይፈኑ ከሆዱ ሥር፣ ከእምብርቱ ትንሽ ወደ ኋላ፣ መዳፍ የምታህል ነጭ ምልክት አለችው። ጎንበስ ካላሉ አትታይም። እኔም ያየኋት መዥገር ስለቅምለት ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ በረት በገባሁ ቁጥር ጎንበስ ብዬ ሳላያት አልወጣም ነበር። የቀረው ገላው ከቀንዱ ሥር እስከ ጭራው ጥርት ያለ ቡላ ነው። ይህቺ ነጭ ከየት መጣች? ጥያቄውን ለማንም ሳልናገር ብዙ ጊዜ ይዤው ዞርኩ።

ስለ ከብቶቹ ላስረዳ። አባቴ በሕይወት ሳለ አምስት ላምና አንድ ኮርማ ከቦረና አስመጣ። ከጫኖ አለፍ ብሎ፣ የሙዝ ማሳችን አልቆ ሣሩ ወደ ዓባያ ሐይቅ በሚወርድበት በኩል በግራር አጥር ከለለላቸው። የወተት ከብት አይደሉም፤ ለሥጋ ነው የሚረቡት። የአባቴ ሐሳብ ግን አድልቦ ለሥጋ ቤት መስጠት ብቻ አልነበረም። ዘራቸው ሳይቀላቀል እዚሁ ተዋልደው፣ ሌሎች አርቢዎች ኮርማ ፍለጋ የእኛን በር እንዲያንኳኩ ነበር የሚፈልገው። ስለዚህ የእያንዳንዱ ጥጃ አባትና እናት መጻፍ ነበረበት። አባትና እናቱ በትክክል ያልታወቀ ወንድ ጥጃ እኛ ቤት ኮርማ አይሆንም፤ ይኮላሽና ሰንጋ ሆኖ ይደልባል። «የማይታወቅ ኮርማ በአጥሬ አይገባም» ይል ነበር አባቴ፣ ስለ ሌባ እንደሚያወራ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

አባቴ ሲሞት እኔ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ቤት ተከራይቼ ሰባተኛ ክፍል እማር ነበር። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ከብቶቹን ለመያዝ አጎቴ፣ የአባቴ ታናሽ ወንድም፣ ከገረሴ ወረዱ። አንዲት የደጋ ላም እየነዱ ነው የመጡት፤ አጠር ያለች፣ ጥቁርና ነጭ የተቀላቀለባት ቡሬ። ከእኛዎቹ ላሞች አጠገብ ስትቆም ትልቅ ጥጃ ትመስላለች። ቡሬዋ እንላት ነበር። አባቴ ካመጣቸው ውስጥ ደግሞ ሁለቱ ግራጫ ነበሩ፤ ኮርማው ዳለቻው፣ ከላሞቹ አንዷ ዳለቻዋ። በመጨረሻዋ ፊደል ነው የሚለዩት።

ይህቺ የመጨረሻ ፊደል ለአጎቴ አስቸጋሪ ናት። አማርኛን የተማሩት በቤተ ክርስቲያን፣ ከመጽሐፍ ቅዱስ ነው። ሲያነቡ አይሳሳቱም። ከራሳቸው ሲናገሩ ግን ፍጥረት ሁሉ ወንድ ነው። እናቴን «መጣ» ይሏታል፤ ዶሮዋ «ዕንቁላል ጣለ»፤ እኔን «ና፣ ቁጭ በል» ይሉኛል። በጋሞኛ ሲያወሩ ወንድና ሴት ተምታቶባቸው አያውቅም። ትምህርት ቤት ከገባሁ ወዲህ ግን ከእኔ ጋር በአማርኛ ካልሆነ አያወሩም ነበር። ከእናቴ ጋር በጋሞኛ እያወሩ ወደ እኔ ዞር ሲሉ ጉሮሯቸውን ጠርገው አማርኛ ይጀምራሉ። ለተማረ ሰው የሚሰጥ ክብር መሆኑ ነው።

እኔም እንደ እሳቸው ነበርኩ። አንደኛ ክፍል የገባሁት በአሥራ ስድስት ዓመቴ፣ ወገቤ ጋ በማይደርሱ ልጆች መሀል ነው። አንድ ጠዋት አስተማሪው ለምን እንደዘገየሁ ሲጠይቀኝ «እናቴ ታመመ» አልኩ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። አስተማሪው አልሳቀም፤ ደብተሬን ተቀብሎ «ታመመች» ብሎ በቀይ እስክሪብቶ ጻፈልኝ። ከዚያ ወዲህ ያንን ስህተት በአፌም በእጄም ደግሜው አላውቅም። ከሌላ ሰው አፍ ሲወጣ ግን ጥርሴ ውስጥ እንደገባ አሸዋ ይቆረቁረኛል።

አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ወደ ቤት ስመለስ አጎቴ የከብቶቹን ነገር የሚጽፉበትን ደብተር አምጥተው ሰጡኝ። የተማሪ ደብተር ነው፤ አንዱን ጥግ ጥጃ አኝኮታል። እኔ አንድ ትልቅ ጥቁር መዝገብ ገዛሁ። ዓምድ አሰመርኩ፤ የተወለደበት ቀን፣ አባት፣ እናት፣ ጾታ፣ ቀለም። የአጎቴን አማርኛ እያረምኩ ልደቶቹን አንድ በአንድ ገለበጥኩ። ልደት ያልሆነውን፣ ማን ታመመ፣ ማን መጣ፣ ዝናብ ስንት ቀን ቀረ የሚለውን ሁሉ ተውኩት። ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ስጨርስ ደብተሩን መለስኩላቸው፤ በፌስታል ጠቅልለው ሣጥናቸው ውስጥ ከተቱት። ከዚያ ወዲህ የምጽፈው እኔ ነኝ።

ወይፈኑ በዚያን ጊዜ ገና ጡት የተወ ጥጃ ነበር። አሁን ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው። ሻኛው ቆሟል፣ ወገቡ ሰፍቷል፣ ሲራመድ መሬቱን የሚያውቀው ይመስላል። በሌላ ዞን ያሉ የከብት አርቢዎች ማኅበር አባላት አንድ የዘር ኮርማ ከእኛ ሊወስዱ እንደሚፈልጉ ሲልኩብን አጎቴ ሁለት ጊዜ አላሰቡም። «ወይፈኑን ነው» አሉ። የማኅበሩ ባለሙያ መጥቶ ሊያየው ቀን ተቆረጠ። ባለሙያው የአባቱና የእናቱ ዘር የተጻፈበት፣ መዝገቡን የሚይዘው ሰው የፈረመበት ወረቀት ይፈልጋል። መዝገቡን የምይዘው እኔ ነኝ።

ወረቀቱን ላዘጋጅ መዝገቡን ገለጥኩ። በራሴ እጅ፣ በራሴ ቀጥ ያለ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፤ አባት ዳለቻው፣ እናት ቡሬዋ።

የደጋዋ ላም። የአጎቴ ላም።

ደግሜ አነበብኩት። ሰው ልጠራጠር እችላለሁ፣ የራሴን ጽሑፍ ግን ተጠራጥሬ አላውቅም። ሆዱ ሥር ያለችው ነጭ ምልክት አሁን መልስ አገኘች። ወይፈኑ ግማሹ የገረሴ ከብት ነው፤ አጎቴ ደግሞ ይህን እያወቁ ንጹሕ ቦረና ነው ብለው ሊሰጡ ነው ማለት ነው።

በማግስቱ ለከብቶቹ የሙዝ ግንድ ሲከትፉ አጠገባቸው ተቀመጥኩና እንደዘበት ጠየቅኋቸው።

«አጎቴ፣ የወይፈኑ እናት ማናት?»

«ዳለቻው ነው» አሉ፣ ገጀራውን ሳያቆሙ።

ዳለቻዋን ማለታቸው እንደሆነ ገባኝ። መዝገቡ ግን ቡሬዋ ይላል።

«አባቱስ?»

«ቡሬው ነዋ።» ቀና ብለው አዩኝ። «መዝገቡ አንተ ጋ አይደል እንዴ? የተማረ ሰው ያልተማረ ይጠይቃል?»

ሣቅ አሉና ወደ ግንዳቸው ተመለሱ። እኔ ግን የሰማሁት ሌላ ነው። የደበቁት ስም ሳያስቡት ከአፋቸው አመለጠ ብዬ አሰብኩ፤ እናቲቱን ሲደብቁ ስሟ በአባት ቦታ ወጣባቸው። ሌላ ሰው ቢሆን «የትኛው ቡሬ?» ብሎ ይጠይቅና ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። እኔ ዝም ብዬ ተነሣሁ። የተጠረጠረ ሰው ቢጠየቅ ይጠነቀቃል፣ ዝም ብሎ ማየት ነው የሚሻለው ብዬ ነበር የማምነው።

ማየት ጀመርኩ። ማየት ስጀምር የማይታይ ነገር ጠፋ። ቡሬዋ እኔ ትምህርት ጨርሼ በተመለስኩ በወሩ ወደ ገረሴ ተመልሳለች፤ ለዘመድ ለርቢ ሰጠኋት ብለው ነበር፣ የምትወልደውን ሊካፈሉ። ለምን ያን ጊዜ? አጎቴ በየአሥራ አምስት ቀኑ ገረሴ ይወጣሉ፤ አንድ ከረጢት ቦሌ፣ ከብት የሚልሰውን ጨዋማ አፈር፣ ተሸክመው። ለማን? ወይፈኑን ከእሳቸው በቀር ማንም እንዲያበላው አይወዱም። ለምን? አጎቴ ቤተ ክርስቲያን በሄዱበት ሰዓት የወይፈኑን ቁመት በገመድ ለካሁ፣ ከዚያ በዕድሜ የሚቀራረበውን ሌላውን ለካሁ። ወይፈኑ በአንድ ጣት ያህል ያንሳል። ጆሮውም ትንሽ አጠር ያለ መሰለኝ። ገመዱን ቋጥሬ መዝገቡ ውስጥ አስቀመጥኩት።

እናቴን ሙዝ ማሳው ውስጥ አገኘኋት። ደረቅ ቅጠል እየመለመለች ነበር።

«ወይፈኑ ሲወለድ አይተሽ ነበር?» አልኳት።

«እኔ በረት ውስጥ ምን አለኝ? ሙዜን ጠይቂኝ።» ቅጠሉን ጣለች። «ምነው፣ አጎትሽ አሉ አይደል? አፍ የላቸውም?»

«አሉ።»

«እና?»

«ምንም።»

«ልጅ ሆነሽም እንዲህ ነበርሽ» አለች። «ሽሮው ውስጥ አንድ ነገር ካየሽ ሳትናገሪ ሳህኑን ገፋ ታደርጊያለሽ። የገባው ሽንኩርት ይሁን ዝንብ ሌላው ሰው ቁጭ ብሎ ይገምታል።»

ባለሙያው ሊመጣ ሦስት ቀን ሲቀረው ወሰንኩ። ወረቀቱ ላይ ከፈረምኩ የአባቴን መንጋ በገዛ እጄ አረከስኩ። አልፈርምም ካልኩ ደግሞ አጎቴን በእንግዳ ፊት ዋሾ አልኳቸው። ለሁለቱም ድፍረት አጣሁ። ሦስተኛ መንገድ ታየኝ፤ ኮርማ ያልሆነ ከብት የዘር ወረቀት አያስፈልገውም። የቀበሌውን የከብት ሐኪም ሄጄ አነጋገርኩት። ባለሙያው በሚመጣበት ቀን ጠዋት፣ አጎቴ ጸሎት ላይ ሳሉ፣ መጥቶ ወይፈኑን እንዲያኮላሸው ተስማማን። ለአጎቴ በኋላ የኋላ እግሩ ቆስሎ ነበር፣ አብጦ ነበር፣ አንድ ነገር እላለሁ። ያልታረመ ዓረፍተ ነገር ጮክ ብዬ ማንበብ የማልችል ሰው፣ ይህን ሁሉ ያለ ስህተት አሰናዳሁ።

ሐኪሙ በጠዋት ነበር ቀጠሮው፣ ባለሙያው ከሰዓት። ሐኪሙ ዘገየ፤ ባለሙያው ደግሞ ማልዶ ተነሥቶ ከአራት ሰዓት በፊት ደረሰ። አጎቴን ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ መንገድ ላይ አግኝቷቸው አብረው ነው የገቡት፣ እየተሳሳቁ።

ባለሙያው ሸምገል ያለ፣ እጁ ከአፉ የሚቀድም ሰው ነው። ወይፈኑን በግንባሩ አልጀመረም። ከኋላው ዞረ፣ ዳሌውን ዳሰሰ፣ ሻኛውን ይዞ ወዘወዘ፣ ከጉሮሮው ሥር የተንጠለጠለውን ቆዳ እንደ ጨርቅ በጣቶቹ መሀል አሳለፈ። ከዚያ ጎንበስ አለ። ሆዱን አየ።

«አሃ» አለ ፈገግ ብሎ። «አባቱ ቡሬ ነበር እንዴ?»

«ቡሬው ነው» አሉ አጎቴ።

«ቡሬዋ እናቱ ናት» አልኩ እኔ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ከአፌ ወጣ። አጎቴ ምን እንዳልኩ ያልሰሙ ይመስል ጆሯቸውን ወደ እኔ አዘነበሉ።

«እናቱማ ዳለቻው ነው።»

«መዝገቡ እንደዚያ አይልም፣ አጎቴ። ቡሬዋ፣ የደጋዋ፣ የእርስዎ ላም። መዝገቡ ላይ አለ።»

መዝገቡን አመጣሁ። የለካሁበት ገመድ ከመሀሉ ወደቀ፤ በእግሬ ገፋ አደረግሁት። ባለሙያው ገጹን አነበበ፣ ከዚያ ወደ ፊት ጥቂት ገጾች ሄደ፣ ተመለሰ።

«ጽሑፍሽ ያምራል» አለኝ። «ግን ይህ ከሌላ የተገለበጠ ነው። የሦስት ዓመት ልደት በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ እጅ አይጻፍም። ዋናው የለም?»

አጎቴ ወደ ቤት ገቡ። ሣጥናቸው ሲከፈት ተሰማ። በፌስታል የተጠቀለለውን ደብተር አምጥተው በሁለት እጃቸው ሰጡት፣ ለእኔ ሳይሆን ለእሱ። ባለሙያው ገጹን አገኘና ጮክ ብሎ አነበበ።

«ዳለቻው ከቡሬው ወለደ።» ቀና አለ። «ሁለት ኮርማ ተዋለዱ?»

አጎቴ አልሳቁም። ባለሙያው ደብተሩን ወደ ዓይኑ አስጠጋ።

«ቆይ፣ እዚህ ጋ በቀይ ታርሟል። ‹ቡሬው› የሚለው ላይ ‹ው› ተሰርዞ ‹ዋ› ተጽፏል። ማነው ይህን ያረመው?»

ማየት አላስፈለገኝም፤ ግን አየሁ። የእኔ ዋ ናት። ደብተሩን ስገለብጥ በቀይ እስክሪብቶ እያረምኩ እንደነበር ፈጽሞ ረስቼው ነበር። አስተማሪዬ የእኔን እንዳረመው፣ እኔም የአጎቴን ደብተር ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አርሜዋለሁ። ሁለት ኮርማዎች ሊዋለዱ አይችሉም፤ ከሁለቱ አንዱ ሴት መሆን አለበት። እኔ የማውቀው ቡሬ አንድ ብቻ ነው፤ የደጋዋ ላም። ስለዚህ ዳለቻውን ትቼ ቡሬውን አረምኩት። መታረም የነበረበት ግን ዳለቻው ነበር።

ባለሙያው ወደ ኋላ ገለጠ። እኔ ልደት አይደሉም ብዬ የተውኳቸውን መስመሮች ማንበብ ጀመረ። «‹ዳለቻው ገንዲ ያዘው። ከሳ። አይሠራም።› ‹ቡሬው ከምዕራብ ዓባያ መጣ።› ‹ቡሬው ሄደ። ጌታ ይመስገን።›»

«ያን ዓመት ኮርማችንን የቆላ ዝንብ ነክሶት ነበር» አሉ አጎቴ ለባለሙያው። «አጥንቱ ቀረ። ምዕራብ ዓባያ ያለው ሰውዬ፣ የወንድሜ ጓደኛ፣ ዳለቻው እስኪያገግም ኮርማውን አንድ ወር አዋሰኝ። ቡሬ ነው። ያውም ከወንድሜ ጋር አንድ ላይ ሄደው ከቦረና የነዱት፣ ከአንድ መንጋ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ወንድሜ የማይታወቅ ኮርማ አይገባም ብሏል። እኔ አስገባለሁ?»

ወሩን ቆጠርኩ። እኔ ሲቀላ ሆኜ ለፈተና እየተዘጋጀሁ ነበር። ያን ኮርማ በዓይኔ አላየሁትም።

ወዲያው የሞተር ብስክሌት ድምፅ በር ላይ ቆመ። የቀበሌው ሐኪም ነው። የማኮላሻውን ረጅም ጉጠት በትከሻው ላይ እንደ አካፋ አጋድሞ ገባ።

«ይቅርታ፣ ጎማ ፈንድቶብኝ ነው የዘገየሁት» አለ ላቡን እየጠረገ። «የትኛው ነው የሚኮላሸው? ይሄ ነው?»

ጉጠቱን ወደ ወይፈኑ ቀሰረ። ባለሙያው ደብተሩን ቀስ ብሎ ዘጋ። አጎቴ ጉጠቱን አዩ፣ ወይፈኑን አዩ፣ መጨረሻ ላይ እኔን አዩኝ።

«አንቺ ነሽ የጠራሽው?» አሉኝ።

በጋሞኛ ነው የጠየቁኝ። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ በጋሞኛ አናግረውኝ አያውቁም ነበር።

«አዎ» አልኩ፣ እኔም በጋሞኛ።

ሐኪሙ ነገሩ ስላልገባው ለሁላችንም በተራ ፈገግ አለ። አጎቴ ወይፈኑ አጠገብ ሄደው እጃቸውን ሻኛው ላይ ጫኑ፣ እዚያው ቆሙ። ባለሙያው መዝገቡን ወደ እኔ ገፋ አድርጎ «የተሳሳተውን ሰርዢና ትክክሉን ጽፈሽ ፈርሚበት፤ ይበቃኛል» አለኝ። ሰረዝኩ። አባት ቡሬው፣ እናት ዳለቻዋ ብዬ ጻፍኩ። ከሥሩ፣ ስህተቱ የገልባጯ ነው፣ ብዬ ፈረምኩ። አጎቴ ምን እንደጻፍኩ አልጠየቁም።

ወይፈኑ በሁለተኛው ሳምንት በጭነት መኪና ተወሰደ። ከመሄዱ በፊት ግን አንድ ነገር አደረግሁ፤ ሳልጽፈው ብቀር ደስ ይለኝ ነበር። በሚኒባስ ተሳፍሬ ምዕራብ ዓባያ ወረድኩና የአባቴን ጓደኛ ቤት አፈላልጌ ሄድኩ። ሽማግሌው በረታቸውን አሳዩኝ። ኮርማው አለ፤ ቡላና ነጭ የተቀላቀለበት ቡሬ፣ ያረጀ፣ ሻኛው ወደ ጎን የወደቀ። ዙሪያውን ዞርኩት። ጆሮውንም አየሁ።

«አጎትሽ ልከውሽ ነው?» አሉኝ።

«አዎ» አልኩ።

ያ ወሬ ከእኔ ቀድሞ ቤት ደረሰ መሰለኝ። አጎቴ በጋሞኛ «ብዪ፣ ተቀመጪ፣ ጨው አቀብዪኝ» ከማለት አላለፉም። ጨዋ ንግግር ነው፣ ስህተት የለበትም። ገበታ ላይ ከኩርኩፋው፣ ከበቆሎው ድብልብል፣ እየተቋደስን፣ የሽፈራውን ቅጠል በዳጣ እየበላን፣ ሁሉም ነገር በቦታው እያለ፣ የዚያ የተሰባበረ አማርኛ አለመኖር ቤቱን ባዶ አደረገው። ዝምታቸው ቅጣት ነው ወይስ እኔን ማጥናት ጀምረዋል እያልኩ ፊታቸውን እመለከት ነበር። አንዳንዴ እሳቸውም ሲያዩኝ እደርስባቸዋለሁ።

ዝናቡ በጀመረ ሰሞን፣ አንድ ቀን ረፋድ ላይ፣ መጽሐፍ እያነበብኩ ሳለ ከበረት በኩል ድምፃቸው መጣ።

«ወለደ።»

በአማርኛ ነው። ይቅርታ ይሁን ፈተና አላወቅሁም። መጽሐፌን ዘጋሁ። ድሮ ቢሆን ከተቀመጥኩበት ሆኜ «ማን ወለደች?» ብዬ እጠይቅ ነበር። አሁን መዝገቡንና እስክሪብቶዬን ይዤ ተነሣሁ። ዳለቻዋ ናት የወለደችው፤ ሴት ጥጃ፣ እርጥብ፣ ገና በእግሯ ያልቆመች። ጎንበስ ብዬ ሆዷን አየሁ። ምንም ምልክት የለባትም። ዓምዱን ሞላሁ፤ አባት ዳለቻው፣ እናት ዳለቻዋ፣ ሴት፣ ግራጫ።

አጎቴ በትከሻዬ በኩል ያዩ ነበር። ስጨርስ እጃቸውን ዘረጉ። መዝገቡን መስሎኝ ሰጠኋቸው፤ ራሳቸውን ነቀነቁ። የፈለጉት እስክሪብቶውን ነው። ክዳኑን አወጡ፣ አውራ ጣታቸው ላይ ጫር አድርገው ቀለሙን አዩ። ቀይ አልነበረም፣ ሰማያዊ ነበር። መለሱልኝ።

«ጻፍ» አሉ።